ጠያቂ የሌለበት ደሴት

(በአዘና በተደረገው የምሩቃን መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ሴቶችና ጤና አንድ ነገር በይን» ሲለኝ ስለ ወላድ እናቶች ወይም ስለ ማኅጸን ጫፍ ካንሰር ስላይድ ይዤ የምመጣ መስሏችሁ ይሆናል። ዛሬ ስላይድ የለም። የምነግራችሁ ስለ አንዲት እስረኛ ነው፤ በባሕር ተጭነው ደሴት ላይ ስለተጣሉ፣ ከደሴቱም ተመልሰው ያንኑ የታሰሩበትን ሥራ ስለቀጠሉ ስለ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ። ነገሩ ከሙያችን የራቀ እንዳይመስላችሁ። መጨረሻው እኛው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው የሚገባው።

በመጀመሪያ ስለ አንድ ቃል ልናገር። በአማርኛችን «መጠየቅ» ሁለት ሥራ ይሠራል። የማናውቀውን ለማወቅ እንጠይቃለን፤ የታመመንና የታሰረንም እንጠይቃለን። አገራችን ውስጥ ሰው ሲታሰር ቤተሰብ ስንቅ ቋጥሮ ይሄዳል። ያ ስንቅ ምግብ ብቻ አይደለም። ለአሳሪው «ይህ ሰው ወገን አለው፤ ነገም መጥተን እናየዋለን» ብሎ የሚነግር ነው። የሚጠየቅ እስረኛና የማይጠየቅ እስረኛ አንድ አይደሉም። ከአዘና ተነስታ እንጅባራ የታሰረ ልጇን የምትጠይቅ እናት፣ መንገዱ ቢያደክማትም ደርሳ ታየዋለች። ከስቶ እንደሆነ፣ ሳል ይዞት እንደሆነ፣ ተመትቶ እንደሆነ በዓይኗ ትመረምረዋለች። ግዞት የሚባለው ቅጣት ዋና ሥራው ይህችን እናት ማስቀረት ነው። ባሕር ሲሻገር ጠያቂ የለም።

ፋሺስት ኢጣልያ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት በከተማው የፈሰሰውን ደም ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። በእኛ ሙያ የመጀመሪያው በሆኑት ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ በሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ቤትም ሐዘን ገብቷል፤ ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ያኔ ከተገደሉት መካከል ናቸው። ከሞት ለተረፈው የተማረ ሰው፣ መኳንንትና ቤተሰብ ደግሞ ግዞት ተዘጋጀ። በመቶዎች የሚቈጠሩት ወደ ኢጣልያ ተጫኑ፤ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ወደ ሎንጎቡኮ፣ ወደ መርኮሊያኖ፣ ወደ ቲቮሊ። ሌሎች በሺዎች የሚቈጠሩት ከሞቃዲሾ ደቡብ ምዕራብ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ወዳለው ወደ ደናኔ ተወሰዱ። በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶች መካከል ያለችው ኖኩራም ከአድዋ በፊት ጀምሮ የኢጣልያኖች የግዞት ደሴት ነበረች።

ከተጋዙት መካከል ሴቶችና ሕፃናት መኖራቸውን ብዙ ጊዜ አናነሳውም። የደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ልጅ ማርታ ነሲቡ ከእናቷና ከእኅት ወንድሞቿ ጋር ስትጋዝ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ያየችውን እ.ኤ.አ. በ2005 በጣልያንኛ ባሳተመችው መጽሐፍ ጽፋዋለች። የቀሩት ሕፃናት አብዛኞቹ መጽሐፍ አልጻፉም።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ግን ሰው ተከትለው የተጋዙ አይደሉም። የተጋዙት በገዛ ሥራቸው ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ያኔ ገና በተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በኩል ከሀብታቸው ሰጥተዋል። አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ ደግሞ «የውስጥ አርበኛ» ከምንላቸው አንዷ ሆኑ። እስቲ የውስጥ አርበኛ ሥራው ምን እንደሆነ አስቡት። ጫካ ላለው ወንድም ልብስ መላክ፣ ጥይት መላክ፣ ገንዘብ መላክ፣ መድኃኒትና የቁስል መጠቅለያ መላክ፣ ጠላት ወዴት ሊሄድ እንደሆነ ሰምቶ ቶሎ ማሳወቅ። ይህ ሁሉ የሚሠራው በገበያ መሐል፣ በማኅበር ቤት፣ በሐዘን ድንኳን ነው። ዛሬ «ሎጅስቲክስ» ብለን ቢሮ የምንከፍትለትን ሥራ እሳቸው በነጠላ ሸፍነው ይሠሩት ነበር።

ተያዙ። የተባባሪዎቻቸውን ስም እንዲያወጡ በኤሌክትሪክ ተሠቃዩ። አላወጡም። እዚህ ላይ እንደ ሐኪም ቆም እንድትሉ እፈልጋለሁ። የኤሌክትሪክ ማሠቃያ ክፋቱ በቆዳ ላይ ብዙ ምልክት አለመተዉ ነው። ጥቂት ነጠብጣብ የምትመስል ቃጠሎ ትተዋለች፤ እሷም በሳምንታት ውስጥ ትጠፋለች። የሚቀረው የእንቅልፍ ማጣት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የመደንገጥ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊታችን ቢቀመጥ በዓይናችን አይተን ላናገኘው እንችላለን። የምናገኘው ከጠየቅን ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ አዚናራ ተጫኑ። አዚናራ ከሰርዲንያ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ያለች ደሴት ናት። ታሪኳ ለእኛ ለሐኪሞች የተለየ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1885 የኢጣልያ መንግሥት ነዋሪዎቿን አስነስቶ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አቋቋመባት። አንዱ ከባሕር ማዶ የሚመጡ መርከበኞችና መንገደኞች በተላላፊ በሽታ ምክንያት ተለይተው የሚቆዩበት ወሸባ ነው። ሌላው ፍርደኞች እየሠሩ የሚታሰሩበት የቅጣት ሰፈር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ከሰርቢያ በኩል የመጡ በ20,000 የሚቈጠሩ የኦስትሪያና የሀንጋሪ ምርኮኞች እዚያው ተራግፈው፣ በሺዎች የሚቈጠሩት በኮሌራና በረሀብ አልቀዋል።

ወሸባና ወህኒ በአንድ ደሴት ላይ ጎን ለጎን! ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም ሰውን ከሰው መለየት ናቸው። በኮሮና ዘመን ሰውን ለይቶ ማቆየት ምን እንደሆነ ሁላችንም ቀምሰነዋል። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ወሸባ የቀን ልክ አለው። የገባው ሰው በየቀኑ ይጠየቃል፤ ትኩሳቱ ይለካል፤ ቀኑ ሲሞላ ይወጣል። ለግዞተኛ ግን ቀኑ አይነገረውም። እነ ወይዘሮ ሸዋረገድን ያጋዘው የቅኝ ገዢው አስተዳደር ትእዛዝ ነበር፤ ይህን ያህል ዓመት ብሎ የሚቈጥርላቸው ዳኛ አልነበረም። በሐኪም ቋንቋ ብናገረው፣ ግዞት ማለት ማንም «ዛሬ እንዴት አደርሽ?» የማይልበት ማግለል ነው።

በዚያችው ደሴት ልዕልት ሮማነወርቅ ኃይለ ሥላሴም ነበሩ። ባለቤታቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ከጎገቲ ውጊያ ጋር በተያያዘ ተገድለዋል። እሳቸው ከልጆቻቸው ጋር ወደ አዚናራ ተጋዙ፤ በኋላም ወደ ቱሪን ተዛውረው እ.ኤ.አ. በ1940 እዚያው ዐረፉ። አገራቸው ነጻ ልትወጣ ወራት ሲቀሯት ማለት ነው። እኅታቸው ልዕልት ፀሐይ በዚያው ዘመን እንግሊዝ አገር በስደት ሆነው በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ይማሩ ነበር። የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ አንዷ የሰው ሕፃን ያስታምማሉ፣ ሌላዋ የገዛ ልጆቻቸውን ይዘው በጠላት እጅ ያልቃሉ። ልዕልት ፀሐይም ከነጻነት በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ዐረፉ። በስማቸው የተሠራውን ሆስፒታል፣ በኋላ ጦር ኃይሎች የተባለውን፣ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። የልዕልት ሮማነወርቅን ግዞት ግን ስንቶቻችን ሰምተን እናውቃለን?

አሁን ደስ የማይለውን ላንሳ፤ ሐኪም ባለበት ስለሚደርሰው በደል ነው። ደናኔ ታስረው የቆዩት ሚካኤል ተሰማ ከጦርነቱ በኋላ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ቃላቸው የኢትዮጵያ መንግሥት ስለ ኢጣልያ የጦር ወንጀሎች ካሳተመው ሰነድ ውስጥ ይገኛል። እሳቸው እንዳሉት ደናኔ ከገቡት 6,500 ያህል እስረኞች 3,175ቱ ሞተዋል። ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። የሚበላው የተበላሸ ደረቅ ብስኩት፣ የሚጠጣው ጨው የቀላቀለ ውኃ፣ በሽታው ወባና ተቅማጥ። ይባስ ብሎ፣ በካምፑ ሐኪም ቤት የታመሙ እስረኞች ሞታቸው እንዲፋጠን አርሴኒክና ስትሪክኒን ይወጉ እንደነበር መስክረዋል። ጓደኞቼ፣ እዚያ ስፍራ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ነበር። ጠያቂ በሌለበት ቦታ የመጨረሻው ጠያቂ ሐኪሙ ነው፤ እሱም ከአሳሪው ጋር ካበረ እስረኛው ምን ቀረው?

ተቃራኒውን የሚያሳይ ታሪክ ደግሞ ከሌላ የዓለም ጫፍ ላምጣ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1788 እስከ 1868 ወደ አውስትራሊያ 162,000 ያህል ፍርደኞችን ሲያግዙ፣ 25,000 ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ብዙዎቹ የተፈረደባቸው ጨርቅ ወይም ማንኪያ ሰርቀሻል ተብለው ነው። በ1790 የሄደው ሁለተኛው የመርከብ ጓድ ከጫናቸው ሰዎች ሩብ ያህሉ መንገድ ላይ አልቀዋል። ለምን? ነጋዴው ገንዘብ የሚከፈለው በጫነው ሰው ቁጥር ነበር፤ በሕይወት ባወረደው አልነበረም። በኋላ ዊልያም ሬድፈርን የሚባል ሐኪም ተነሳ። ሬድፈርን ራሱ በመርከበኞች ዐመፅ ተፈርዶበት የተጋዘ፣ ኋላም ምሕረት ያገኘ ሰው ነው። በ1814 ሰው ባለቀባቸው ሦስት መርከቦች ላይ ምርመራ አድርጎ ሪፖርት ጻፈ፤ ንጹሕ አየር፣ ንጽሕና፣ የምግብ ድርሻ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለመርከቡ አዛዥ የማይንበረከክ፣ ሥልጣን ያለው ሐኪም በእያንዳንዱ መርከብ ይኑር አለ። ከዚያ ወዲህ በየመርከቡ የመንግሥት ሐኪም ተመደበ፤ የሟቹም ቁጥር በእጅጉ ወረደ። ባሕሩ ያው ባሕር ነው፤ ፍርዱም ያው ፍርድ ነው። የተለወጠው ነገር በየቀኑ እየዞረ የሚጠይቅና የሚመዘግብ ሰው መኖሩ ነው።

ወደ ወይዘሮ ሸዋረገድ ልመለስ። በ1930 ዓ.ም. ግራዚያኒ ተነስቶ የአኦስታው መስፍን ሲተካ ግዞተኞች ቀስ በቀስ ወደ አገር መመለስ ጀመሩ፤ እሳቸውም ተመለሱ። እንግዲህ በኤሌክትሪክ የተሠቃየ፣ ባሕር ተሻግሮ የተጣለ ሰው አገሩ ሲገባ «በቃኝ» ብሎ ቤቱን ቢዘጋ ማን ይፈርድበታል? እሳቸው ግን ከአርበኞች ጋር የነበራቸውን ግንኙነት ከተቋረጠበት ቀጠሉት። በአዲስ ዓለም የጠላት ምሽግ ላይ የተደረገውን ጥቃት ካቀናበሩት አንዷ እሳቸው ናቸው። እንደገና ተያዙ፤ ነጻነት እስኪመጣም ታሰሩ።

ስለ እሳቸው ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ አዲስ ዓለሙ ውጊያ ነው። ውጊያ ይተረካል፤ ስንቅ ግን አይተረክም። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በፊት የነበረው ጸጥ ያለ ሥራ ነው። ጠላትን ያስፈራው እሱ ባይሆን ኖሮ አንዲት ሴት ለመገላገል መርከብ ባላዘጋጀ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ለጫካው ሰው ጠያቂ ነበሩ፤ ቁስለኛው በሀገር እንዳልተረሳ የሚያውቀው በሳቸው መጠቅለያ ነበር። ጠያቂ የነበሩትን ጠያቂ ወደማይደርስበት ሰደዷቸው። ቅጣቱ ለወንጀሉ ተመርጦ የተሠፋ ይመስላል።

ይህንን አዘና ላይ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ለነጻነት የተደረገው ጉዞ በዚህ በአዊ ምድር አልፏል። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው፣ በበላያ አድርገው፣ በእንጅባራና በቡሬ ነው ወደ ደብረ ማርቆስ ያመሩት፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ እስኪገቡ ድረስ። ዳንግላና እንጅባራ ላይ የሰፈረው ጠላት የለቀቀው ከዚህ በፊት ለዓመታት የጎጃም አርበኛ እረፍት ስለነሳው ነው። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሶቻቸውን ሸልመው ሲወጡ የአባቶችን ውለታ እናስታውሳለን፤ ደስም ይለናል። ግን ፈረሰኛው የበላውን ማን ፈጨው? ቁስሉን ማን አጠበው? በሌሊት ስንቅ ተሸክማ ጫካ የገባችው፣ ተይዛ የተገረፈችው የማን እናት ናት? የእነዚህ ሴቶች ስም በዚህ አገር አልተመዘገበም። ወይዘሮ ሸዋረገድ ስም የቀረላቸው ባለጸጋና የከተማ ሰው ስለነበሩ ጭምር ነው።

ስለዚህ ከእናንተ ሁለት ነገር እለምናለሁ።

የመጀመሪያው በሥራችን ላይ ነው። ሁላችንም ከፖሊስ ጋር የምትመጣ ሴት ታካሚ አጋጥማናለች። በካቴና ትመጣለች፤ ጥያቄያችንን አጃቢው ይመልስላታል፤ ተረኛው ሐኪም ወረፋው በዝቶበት ቶሎ ጽፎ ይሸኛታል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዱ፣ ከጓደኛው፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት አለው ይላል። አስተውሉ፤ እኛን ከጠያቂዎች ጋር ነው የቈጠረን። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦችም እስረኛ ውጭ ያለው ሰው የሚያገኘውን ያህል ሕክምና ይገባዋል፣ ምጥ ላይ ያለች ወይም ገና የወለደች ሴት ፈጽሞ በካቴና አትታሰርም ይላሉ። ይህ ከእኛ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። «ካቴናው ይፈታ፤ እርስዎም በሩ ላይ ይጠብቁን» ማለት ነው። ጋራዥ ጭኖ ለመላክ እንደሚጣደፍ ሰው ሳይሆን፣ ቁጭ ብሎ «ማን ይጠይቅሻል? ልጆችሽ የት ናቸው? እንቅልፍ ትተኛለሽ? የመታሽ አለ?» ማለት ነው። ያየነውንና የሰማነውን ካርዱ ላይ በትክክል መጻፍ ነው። ያቺ ካርድ ነገ ብቸኛዋ ምስክር ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛው ከሥራ ውጭ ነው። ያኔ ልጅ የነበሩት ዛሬ መቶ ዓመት እየተጠጉ ነው፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። ልጆቻቸው ግን በየተመላላሽ ክፍላችን ለደም ግፊት፣ ለጉልበት፣ ለዓይን ይመጣሉ። የሕመም ታሪክ መጠየቅ የተማርን ሰዎች ነን። መድኃኒቱን ጽፈን ከጨረስን በኋላ አንዲት ተጨማሪ ጥያቄ ብንጠይቅ ምን አለበት? «እናትዎ በጣልያን ጊዜ የት ነበሩ? ምን ይሠሩ ነበር?» በሉ። በፈቃዳቸው ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውን፣ የሠሩትን ጻፉልን። ማኅበራችን በየዓመቱ ይህን መጽሔት ያወጣል፤ የእኛን የምረቃ ፎቶ ከሚይዙት ገጾች ጥቂቱን ለእነሱ ስም መስጠት አያቅተንም።

አዚናራ እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ብሔራዊ ፓርክ ሆናለች። ወህኒው ተዘግቷል፤ ጎብኚ በጀልባ ይሄድባታል፣ ነጫጭ አህዮቿን ፎቶ ያነሳል። ወደዚያ የሚያልፍ ከእናንተ ካለ፣ እዚያ ሆነው ጠያቂ ያጡትን የአገራችንን ሴቶች በስማቸው አንስቶ ይምጣ። ለማንሄደው ደግሞ ጠያቂ የሌላት ሴት ሩቅ አይደለችም፤ ሰኞ ጠዋት ወረፋ ይዛ ትጠብቀናለች።